ደብተራችንን እናልብሰው፦ ከጥንት የሃይማኖት መጻሕፍት ሽፋን የምንማረው

(ባለፈው የእሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ እህቶች እንድታነቡት እንዲህ ጽፈነዋል።)

እህቶቼ፣ ኦፍ ያላችሁም፣ ማዳምን ለምናችሁ ለሁለት ሰዓት ብቻ የወጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመጣሁት ስለ መጽሐፍ ሽፋን ልነግራችሁ ነው። «ደግሞ ሽፋን ምን ያደርግልናል? የደመወዝ ነገር አይሻልም?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፣ መድረሻዬ እዚያው ደመወዙ ላይ ነው።

በድሮ ዘመን መጽሐፍ በእጅ ይጻፍ በነበረ ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ውስጡ ያለው ቃል የማይተካ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ያለው ልብስም በዚያው ልክ መጠንከር አለበት። ጌጡ ለታይታ ብቻ አልነበረም፣ ጥበቃም ነበር። እኛም የማይተካ ጽሑፍ አለን። የገባንበት ቀን፣ የተከፈለን ወር፣ ያልተከፈለን ወር፣ የላክነው ገንዘብ፣ የልጆቻችን ስልክ። ይህን ሁሉ የምንጽፈው ግን ቅጠሉ በሚረግፍ ርካሽ ደብተር፣ ሲብስም በናፕኪን ላይ ነው። ዛሬ የምለው ይኸው ነው፤ ጽሑፋችንን እንደሚገባው እናልብሰው።

እኔ ይህን ከየት አመጣሁት? የምሠራበት ቤት ያሉት አሮጊት ስለ ጥንት መጻሕፍት ባለ ሥዕል ትልልቅ ጥራዞች አላቸው። አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገልጬ ሳይ አገኙኝና አልተቆጡም፤ «ተቀመጪና እዪው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በስልኬ እያነበብኩ ቆየሁ። አያቴ ደግሞ ቄስ ነበሩ፤ ዳዊታቸው በማኅደር ሆኖ ከግድግዳው ላይ ሲንጠለጠል እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ፈጽሞ እንግዳ አልሆነብኝም።

እስቲ ከፈረንጆቹ ልጀምር። ጀርመን አገር ሙኒክ ከተማ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ870 የተጻፈ ወንጌል አለ። ያሠራው ቻርልስ የሚባል ንጉሥ ነው። ሽፋኑ ወርቅ ነው፤ በወርቁ ላይ ክርስቶስና ወንጌላውያኑ ተቀርጸዋል፣ ዙሪያውን ዕንቁና የከበሩ ድንጋዮች ተደርድረዋል። በዚያው ዘመን የተሠራ ሌላ የወርቅ ሽፋን ደግሞ ኒውዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የሊንዳው ወንጌል ይሉታል። እሱ ላይ ያሉት ድንጋዮች ወርቁ ላይ እንዲሁ አልተለጠፉም። ከሥራቸው ትንንሽ እግር ተሠርቶላቸው ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። ብርሃን በሥራቸው ያልፋል። በዚያ ላይ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም የሚነካው ከፍ ያለው ድንጋይ ነው፤ ለስላሳው የወርቅ ሥዕል አይፋቅም። አያችሁ፣ ጌጡ ሥራም ይሠራል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሙኒኩን ወንጌል የጻፉት ሁለት መነኮሳት ስማቸው ይታወቃል፤ ሊዩትሃርድና ቤሪንጋር ይባላሉ። ያሠራው ንጉሥም ይታወቃል። ያን ወርቅ ቀጥቅጦ፣ ያን ሁሉ ድንጋይ አንድ በአንድ የሰካው አንጥረኛ ግን ስሙ የለም። ሥራው ከ1,100 ዓመት በላይ ኖረ፣ የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ይህ ነገር እኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ቤቱ ሲያበራ «የማዳም ቤት እንዴት ያምራል» ይባላል እንጂ ያበራችውን ማን ይጠይቃል?

በዚያን ዘመን ይህ ሁሉ ወርቅ ያላማራቸው ሰዎችም ነበሩ። ቅዱስ ጀሮም የሚባለው ታላቅ ሊቅ ገና በ4ኛው መቶ ዓመት ወቀሳ ጽፏል። መጽሐፉን በዕንቁ ታለብሳላችሁ፣ ክርስቶስ ግን ራቁቱን ሆኖ ደጃችሁ ላይ ይሞታል የሚል ነው የነገሩ ፍሬ። እውነቱን ነው። መጽሐፉ ወርቅ ለብሶ የቤቱ ሠራተኛ ደመወዟን ካላገኘች ያ ጌጥ ምን ይባላል? ስለዚህ እኔም ወርቅ እናድርግ ልላችሁ አልመጣሁም።

ደግሞም ወርቁ መጽሐፉን አላዳነውም። አየርላንድ ውስጥ ኬልስ በሚባል ቦታ የነበረ ታላቅ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1007 በሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተሰረቀ ብለው የአገሩ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከሁለት ወር ከሃያ ቀን በኋላ ተገኘ። የት? ከሣር አፈር ሥር። ወርቁ ተገፎ ተወስዷል፣ የተጻፈው ብራና ተጥሏል። ዛሬ ደብሊን ከተማ የሚገኘውና በዓለም የታወቀው የኬልስ መጽሐፍ ያው ነው ብለው ብዙዎቹ ሊቃውንት ያምናሉ። ሌባው የፈለገው ወርቁን ነበር፣ ቃሉ ለእሱ ምንም አልነበረም። ወርቅ ሌባ ይጠራል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙኝ። እንግሊዝ አገር ቅዱስ ከትበርት የሚባል መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1104 ዱራም በምትባል ከተማ የሬሳ ሣጥኑ ሲከፈት ውስጡ ትንሽ የዮሐንስ ወንጌል ተገኘ። መጽሐፉ የተሠራው በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ቁመቱ 14 ሳንቲሜትር አይሞላም፣ ወርዱ 9 ሳንቲሜትር ነው። ከስልካችን ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። ገበታው እንጨት ነው፣ ላዩ ቀይ የፍየል ቆዳ። ወርቅ የለው፣ ዕንቁ የለው። ቆዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ የሐረግ ቅርጽ አለ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መስመር። በቃ። ይህ መጽሐፍ ከነሽፋኑ፣ ከነስፌቱ ምንም ሳይሆን እስከ ዛሬ አለ። በአውሮፓ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የቆየ ከእሱ የሚቀድም መጽሐፍ የለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ9 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ወርቅ የለበሰው ተገፈፈ፣ ቆዳ የለበሰው ቀረ። እኛ የምንከተለው ይኼኛውን ነው።

የዚህ መጽሐፍ አሰፋፍ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የግብፅ ክርስቲያኖች ይሰፉበት የነበረው የሰንሰለት ስፌት ነው። የእኛም አገር ጠራዦች የሚሰፉት በዚሁ ዓይነት ነው፣ እስካሁንም አልተውትም። የዳዊት መጽሐፍ በእጁ ይዞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ብራናው ታጥፎ ጥራዝ ጥራዝ ይሆናል፣ ጥራዞቹ አንዱ ከአንዱ ጋር በክር ይያያዛሉ፣ ከፊትና ከኋላ የዋንዛ ወይም የሌላ እንጨት ገበታ ይደረግለታል። ከዚያ ቀይ ቡኒ ቆዳ ይለብሳል። ደጓሹ ብረቱን በእሳት አግሎ ቆዳው ላይ መስቀልና ሐረግ ያትምበታል፤ ድጉስ የምንለው ይህ ነው። ሽፋኑን ገልጣችሁ ውስጡን ብታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎበት ታገኛላችሁ፤ ሐር ወይም አበባ ያለበት ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ። ውጪውን ጠንካራ፣ ውስጡን የሚያምር አድርገውታል። በመጨረሻ መጽሐፉ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩ ማንገቻ ስላለው በትከሻ ይነገታል፣ ቤት ሲደርስ ይንጠለጠላል። ዝናብም አይጥም አያገኘውም።

ሙስሊም እህቶቼ፣ የእናንተም አለ። የጥንት የቁርኣን ሽፋን ካያችሁ ከኋላው ገበታ የሚቀጥል ክዳን አለው። ዞሮ የቅጠሎቹን ጫፍ ይሸፍንና ከፊተኛው ሽፋን ሥር ይገባል። በዐረብኛ «ሊሳን» ይሉታል፤ እኛም ልሳን የምንለው ያው ምላስ ነው። ከቦርሳ ክዳን ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ አይታጠፍም፣ አቧራ አይገባም። አገራችን ሐረርም ቁርኣን በመጻፍና በመጠረዝ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ስለዚህ የማሳያችሁን ደብተር ማንም «የእኔ እምነት አይደለም» አትበለኝ። ከሁሉም ቤት ያገኘሁትን ነው የሰበሰብኩት።

አንድ ልጨምር። በአውሮፓ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትና መንገደኞች የጸሎት መጽሐፋቸውን በቀበቶ ያንጠለጥሉ ነበር። የሽፋኑ ቆዳ ከመጽሐፉ ሥር ረዝሞ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው በቀበቶው ውስጥ ይገባል። መጽሐፉ ተዘቅዝቆ ነው የሚንጠለጠለው። ለምን? ብድግ ሲያደርጉት ሳይፈቱት ወዲያው ለማንበብ ይመቻል። ይህን ሳነብ ማን ትዝ አለችኝ መሰላችሁ? እናቴ። ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። የማይተካ ነገር ከገላ አይለይም። መቀነቱን የፈለሰፈው ያ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቤት ኮንትራቴ ሲያልቅ ያልተከፈለኝ የ5 ወር ደመወዝ ነበር። እነሱ «የ2 ወር ብቻ ነው» አሉ። እኔ ግን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ጽፌያለሁ። በየወሩ ቀኑን፣ የተቀበልኩትን ልክ፣ ዶላር ይሁን ሊራ፣ የሰጠኝ ማን እንደሆነ። አወጣሁና በየተራ አነበብኩላቸው። «በዚህ ወር እርስዎ አሞዎት ሆስፒታል ነበሩ፣ ሚስተር ቀጥሎ እሰጥሻለሁ አሉኝ፣ ቀኑ ይኼ ነው» እያልኩ። ዝም አሉ። ተከራክረው ተከራክረው የ4ቱን ወር ከፈሉ። የአንዱን እስካሁን አላገኘሁም። ያለ ደብተሩ ግን የ2ቱን ይዤ ነበር የምወጣው።

የማውቃት ሌላ እህት ደግሞ አለች። እሷም ጽፋ ነበር፤ የጻፈችው ግን ሽቦ በታሰረበት ደብተር ላይ ነው። መክተብ ሄዳ አቤት ስትል ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይህ ቅጠል ተቀዷል፣ በኋላ የጨመርሽውም ሊሆን ይችላል» አሏት። እውነትም ከሽቦው ላይ ቅጠል ቢወጣ ማን ያውቃል? ቤት ስትቀይር ደግሞ ደብተሩ ከአሮጌ ልብስ ጋር አብሮ ተጣለ። ቆሻሻ ስለሚመስል ነው የተጣለው። ያማረ ነገር እኮ ሰው በቀላሉ አይጥልም።

የተሰፋ ደብተር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በጥራዝ ውስጥ አንድ ወረቀት ታጥፎ ሁለት ቅጠል ይሆናል፣ ክሩ ደግሞ በእጥፋቱ መካከል ያልፋል። አንዱን ቅጠል ብትቀዱት ጓደኛው በወዲያ በኩል ይላላል፣ ይወጣል። ስለዚህ የተነካ ደብተር ራሱ ይናገራል። ያልተነካም ያልተነካ መሆኑ ይታያል። ይህ ብቻውን ፍርድ ያስገኛል አልላችሁም። ግን ቃላችሁን ያጠነክረዋል። የእኛ ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ የሚፈልገው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ወረቀት። 20 ኤፎር ወረቀት ይበቃል። እያንዳንዱን ለሁለት ቁረጡት፣ 40 ግማሽ ይሆናል። አምስት አምስቱን ደርባችሁ እኩል እጠፉ፤ 8 ጥራዝ አገኛችሁ ማለት ነው። በጠቅላላው 160 ገጽ ነው። መጠኑ ከከትበርት ወንጌል ጋር ይቀራረባል፣ ኪስ ውስጥም ትራስ ሥርም ይገባል።

ሁለተኛ፣ ገበታ። እንጨት የለንም፤ የዕቃ ካርቶን አለን። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ በኮላ አጣብቁና ሌሊቱን ከባድ ነገር ጫኑበት። ሲነጋ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ከወረቀቱ ትንሽ ሰፋ ይበል፤ ቢወድቅ ጉዳቱን የሚቀበለው ገበታው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስፌት። ጠንካራ ክር ውሰዱና ሻማ ላይ ጎትቱት፤ ሰም የነካው ክር አይተረተርም። በየጥራዙ እጥፋት ላይ በወስፌ አራት ቀዳዳ ብሱ፣ ሁለቱን ወደ ላይ፣ ሁለቱን ወደ ታች። ለየጥንዱ አንድ ክር፣ በክሩ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። ከገበታው ጀምራችሁ ጥራዙን እያስከተላችሁ ትሰፋላችሁ። መርፌዎቹ ይገባሉ፣ ውስጥ ተላልፈው ይወጣሉ፣ ከዚያ ከሥር ያለውን ስፌት ያዝ አድርገው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ጀርባው ሲያልቅ ሹሩባ ይመስላል። በወሬ አይገባም፤ በእጅ አሳያችኋለሁ። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ይህን በአንድ ቀን ትለምደዋለች። እንዲህ የተሰፋ ደብተር ሲገለጥ ጠረጴዛ ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል፣ በአንድ እጅ ልጅ ታቅፋችሁ እንኳ በሌላው መጻፍ ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ ልብስ። የተጣለ የቆዳ ቦርሳ፣ አሮጌ ጃኬት፣ ወፍራም ጨርቅ፣ የተገኘው ይሁን። ጌጥ ከፈለጋችሁ ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ ሲባጎ በኮላ ለጥፉ፣ በፈለጋችሁት ቅርጽ። ከዚያ ቆዳውን ወይም ጨርቁን ከላዩ አልብሱና በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጉት። ሐረጉ ከፍ ብሎ ይወጣል። መስቀል ይሁን፣ ጨረቃ ይሁን፣ የቡና ጀበና ይሁን፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ልሳን ጨምሩለት፣ በቁልፍና በክር ይታሰር።

አምስተኛ፣ ውስጡ። ከሽፋኑ ውስጥ የአገር ጨርቅ ቁራጭ ለጥፉ፤ ያረጀ የነጠላ ጥለት፣ የሻሽ ቁራጭ። ሦስት ጎኑን ብቻ ካጣበቃችሁት ኪስ ይሆናል። የሐዋላ ደረሰኝ፣ የኢቃማና የፓስፖርት ኮፒ እዚያ ይገባል። ፓስፖርቱ በእነሱ እጅ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ በእናንተ እጅ ይሁን።

ስድስተኛ፣ ማኅደር። ከጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ከነማንገቻው። ከልብስ ሥር ይነገታል። ስፍራው ሻንጣ ውስጥ አይደለም። ሻንጣ ይፈተሻል፣ ሻንጣ ይቀራል።

ሲያልቅ ምን እንጻፍበት? በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁን ጻፉ፣ ሙሉ ስም ከነአባት። የወርቁ አንጥረኛ ስሙ እንደቀረ የእናንተ አይቅር። ቀጥሎ አገሩ የገባችሁበት ቀን፣ ቤቱ የገባችሁበት ቀን፣ የተስማማችሁበት ደመወዝ። ከዚያ በየወሩ የተቀበላችሁት፤ ባዶ ወር ከሆነም «አልተከፈለኝም» ብላችሁ በዚያው ቀን ጻፉ። መስመር አትዝለሉ፣ በእርሳስ አትጻፉ። የተሳሳታችሁትን አንድ ጊዜ ሰርዙትና አጠገቡ ጻፉ እንጂ አትፋቁት። በየወሩ ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ደብተሩ ቢጠፋ ፎቶው ይቀራል፣ ስልኩ ቢወሰድ ደብተሩ ይቀራል።

ሌላውን ግማሽ ለራሳችሁ አድርጉት። ጸሎት ጻፉበት፣ ዱዓ ጻፉበት፣ የናፈቃችሁትን ጻፉበት፣ ልጃችሁ በስልክ ያለችውን አስቂኝ ነገር ጻፉበት። ሒሳቡና ናፍቆቱ አንድ ላይ ቢጠረዝ ነውር የለውም፤ ሁለቱም የእኛ ዕድሜ ነው።

«ይህን ሁሉ ከምለፋ ከሱቅ አልገዛም?» የምትል ካለች ግዢ፣ እኔ አልከለክልሽም። ግን የሱቁ ደብተር ብዙው የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ አይደለም፤ ገልጠሽ ጀርባውን እዪ። ክር ካላየሽ አትግዢው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ እጃችን ለሰው ነው የሚሠራው። በሳምንት አንዲት ሰዓት ለራሳችን የሚሆን ነገር ቢሠራ አይከፋም።

በሚቀጥለው እሁድ እዚሁ እንገናኝ። ካርቶን፣ ወፍራም ክር፣ መርፌ ሁለት ሁለት፣ አሮጌ ቦርሳ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ወስፌና ኮላ ከእኔ አለ፣ ወረቀቱን ከማኅበሩ መዋጮ እንገዛለን። መውጣት የማትችል እህት ካለች ስሟን ንገሩኝ፤ የእሷን እኛ ሰፍተን እንልክላታለን። ስሟን ግን ራሷ ትጻፍበት።